ዘንቢሉን ጥለው የሄዱት

ሲ ቡሽታ በሞሮኮዋ የፌዝ ከተማ የቆዳ ነጠላ ጫማ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሃያ ዓመት የሰፋችላቸውን ለላ ታሙን፣ «በኢንተርኔት ሱቃችን ሰው አይቶ አይቶ የሚሄደው ስፌትሽ ስለከፋ ነው» ብለው በገበያተኛ ፊት አሰናብተዋታል። ዛሬ ከሩቅ ቢያዩዋት ላለመገናኘት ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ እጥፍ አሉ። እዚያም ያን የኢንተርኔት ሱቅ ከከፈተችላቸው ከጎረቤታቸው ልጅ ከኢክራም ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ደህና አደሩ ሲ ቡሽታ? ለላ ታሙን አባረሩ የሚባለው እውነት ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ጫማዋን የሚገዛ ጠፋ።»

«በምን አወቁ?»

«በዐይኔ ነዋ። ስንቱ ገብቶ ባዶ እጁን ይወጣል።»

«ይኼ በዐይን ሳይሆን በቆጠራ ነው የሚታወቀው። በዚህ ወር ጫማ መርጠው በሱቁ ገጽ ላይ ባለው የመግዣ ዘንቢል ውስጥ ከከተቱት መቶ ሰዎች ሰማንያ ስምንቱ ሳይከፍሉ ሄደዋል።»

«ይኸው፣ አላልኩም?»

«ይታገሡኝ እንጂ። ጫማውን ቢጠሉት ዘንቢል ውስጥ ለምን ይከቱታል? የትኛው ገጽ ላይ እንደተዉትም ተቆጥሯል። ከነሱ ሰባዎቹ ጫማውን ቤት ድረስ የማድረሻውን ዋጋ ሲያዩ ነው የጠፉት። ለመሆኑ ማድረሻው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ድርሃም።»

«ስንት ብለው አስጻፉኝ?»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘጠና። ታዲያ ገዢ ይከራከር እንጂ። ዘጠና ስለው ተቆጥቶ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፤ እጠራውና ሠላሳ ላይ እንስማማለን። አባቴም ሲሸጥ የኖረው እንዲሁ ነው።»

«ሲ ቡሽታ፣ ሰዎቹ ሁለት እርምጃቸውን ሄደዋል። የጠራቸው የለም።»

ሰው ጥፋቱን በሌላ ሲያላክክ ምላሱ ይፈታል፤ ማስረጃ ሲቀርብለት ግን መሬት መሬቱን ያያል። ሲ ቡሽታም እፍረቱ እስከ ጆሯቸው አቃጠላቸው። «ጉድ ሠራሁ» አሉ፣ «ያቺን ሴት በከንቱ አዋረድኳት።»

«እውነተኛው ዋጋ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ» አለች ኢክራም። «የማይገዛው ቀድሞ ይሄዳል፣ የሚገዛው አይሸሽም። በየወሩም እንቆጥራለን፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ከታወቀ የሰው ስም አይጠፋም።»

«ጻፊው። የቀረውን እኔ ራሴ አቃናዋለሁ።»

በቀጥታ ለላ ታሙ ቤት ሄዱ። እሷ በሩን ይዛ ይቅርታ ሲጠይቋት እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

«ሲያዋርዱኝ ገበያ መሃል ነበር» አለች። «ይቅርታውን ግን ተደብቀው አመጡልኝ?»

ሲ ቡሽታ ዞር ብለው ወደ ገበያው መንገድ ጀመሩ፤ እሷም ተከተለቻቸው። በቆዳ ነጋዴዎቹ መሃል ቆሙና አንገታቸውን ደፍተው፣ «ስፌቷ እንከን የለውም። ገዢ ያባረርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ለላ ታሙ።

ሲ ቡሽታ ቀና ብለው ደገሙት።