ውሃ ተረጭቶባት ታይቷል

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በአንድ የመኪና ሻጭ ድርጅት ግቢ፤ ሰናይት መሪው ላይ፣ አባቷ አቶ ድንበሩ ከጎኗ ተቀምጠዋል፣ ቀበቷቸውን አልፈቱም።

ሰናይት፦ ይውረዱ እንጂ አባባ፤ ሥራ አስኪያጁ እየጠበቀን ነው።

አቶ ድንበሩ፦ ይጠብቅ። እኛስ ስንት ጊዜ ጠበቅነው?

ሰናይት፦ አራት ጊዜ። ለዚህ እኮ ነው ዛሬ በር ከፍቶ ሲጠራን መዘግየት የሌለብን።

አቶ ድንበሩ፦ አንቺ ግቢ። እኔ መኪናዋን እጠብቃለሁ።

ሰናይት፦ ግቢው ሦስት ዘበኛ አለው። ደግሞ እሷን ማን ይሰርቃታል?

አቶ ድንበሩ፦ አዲስ መኪና ናት፤ እንዲህ አይባልም።

ሰናይት፦ አዲስ! እማማ ውስጧ ዣንጥላ ዘርግታ ሠርግ የሄደችባት አዲስ መኪና። ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራት ያውቃሉ?

አቶ ድንበሩ፦ አላውቅም።

ሰናይት፦ ያውቃሉ። "ባለ ዣንጥላዋ" ነው የሚሏት። የእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር እኔን ባየ ቁጥር ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል።

አቶ ድንበሩ፦ እሱ ድሮም ሥራ የለውም።

ሰናይት፦ ሦስታችን ልጆችዎ ተረባርበን የገዛናት እናንተን ከታክሲ ግፊያ ልናወጣ ነበር። አሁን ደመና ሲጠቁር እማማ ታክሲ ይሻለኛል ትላለች።

አቶ ድንበሩ፦ እውነቷን ነው። የታክሲ ጣሪያ አያፈስም።

ሰናይት፦ እየቀለዱ ነው ወይስ እየሸሹ?

አቶ ድንበሩ፦ ጉልበቴን አሞኛል።

ሰናይት፦ ትናንት ለቅሶ ቤት አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥተዋል።

አቶ ድንበሩ፦ ለቅሶ ነዋ። ከለቅሶ አይቀርም።

ሰናይት፦ አባባ፣ ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ነው። "በርክክቡ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ አይደለም" ብለው ይፈርማሉ፤ ጣሪያው ዛሬውኑ ይሠራል። ሥራ አስኪያጁ በአፉ ነግሮኛል።

አቶ ድንበሩ፦ ፊርማዬ አይደለም ብዬ በፊርማዬ?

ሰናይት፦ ታዲያ በምን ይሁን?

አቶ ድንበሩ፦ ቆይ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ማመልከቻው ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?

ሰናይት፦ የሆነውን ነዋ። ጣሪያዋ ታፈሳለች ብለን መጣን፤ መስኮት ከፍታችሁ ይሆናል አሉን። ሁለተኛ መጣን፤ ባለሙያው ክፍለ ሀገር ሄዷል አሉን። ሦስተኛ ስንመጣ ፕላስተር ለጥፈው ሸኙን።

አቶ ድንበሩ፦ ለጣፊውስ ጎበዝ ነው። እስኪዘንብ ድረስ ይዞ ነበር።

ሰናይት፦ በአራተኛው "ክረምቱ እስኪወጣ ከቤት ባታወጧት" አሉኝ። መኪናን! እንደ አራስ! ስጮህባቸው ያንን ወረቀት አወጡ። "በርክክቡ ዕለት በተረካቢው ፊት ውሃ ተረጭቶባት ታይቷል፤ ጠብታ አልገባም" ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ከሥሩ የእርስዎ ስም፣ የእርስዎ ፊርማ።

አቶ ድንበሩ፦ እህ።

ሰናይት፦ ውሃ ሲረጭ አይተዋል?

አቶ ድንበሩ፦ እናትሽ ከረጨችው ጠበል በቀር ጠብታ አላየሁም።

ሰናይት፦ ታዲያ! አባቴ ያላየውን አይፈርምም አልኩ። በእድር ዳኝነትዎ ስንቱን ቃለ ጉባኤ "ድገመው፣ አልገባኝም" እያሉ ሦስቴ የሚያስነብቡ ሰው፣ ያልተረጨ ውሃ ተረጭቷል ብለው ይፈርማሉ? አስመስለው ፈርመውበታል ብዬ ጻፍኩ።

አቶ ድንበሩ፦ ሳትጠይቂኝ።

ሰናይት፦ ጠይቄዎታለሁ። ምሳ ላይ ወረቀቱን በስልኬ አሳየሁዎት። "አላስታውስም" አሉ። ከዚያ ታጥበው የተቀመጡ ሰውዬ፣ እጄን ልታጠብ ብለው ተነሡ።

አቶ ድንበሩ፦ ለማን ነው የጻፍሽው?

ሰናይት፦ ለሥራ አስኪያጁ። ግልባጭ ለንግድ ቢሮ። ግልባጭ የምትለዋን ሲያዩ ነው የነቁት። አራት ጊዜ ስንለምናቸው ጆሮ ያልሰጡን ሰዎች በሁለተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። እርምጃም ወስደዋል።

አቶ ድንበሩ፦ ምን እርምጃ?

ሰናይት፦ ሴትዮዋን አገዷት።

አቶ ድንበሩ፦ የቷን ሴትዮ?

ሰናይት፦ መኪና የምታስረክበዋን። ወይዘሮ እታፈራሁ የምትባለዋን።

አቶ ድንበሩ፦ ወንበሯን የለቀቀችልኝ?

ሰናይት፦ ወንበር ብትለቅልዎትስ? ወረቀቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ሌላ ማን ሊፈርመው ይችላል?

አቶ ድንበሩ፦ ደሞዟንም ያዙባት?

ሰናይት፦ ያዙባት። እርስዎ ዛሬ ሲፈርሙ ደግሞ ጨርሳ ትሰናበታለች። ሥራ አስኪያጁ "ጥፋቱ የግለሰቧ ነው፤ ድርጅቱን አይመለከትም" አለኝ።

አቶ ድንበሩ፦ ጣሪያ ከመጠገን ሰው ማባረር ቀለላቸው።

ሰናይት፦ እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው።

አቶ ድንበሩ፦ ልጆች አሏት?

ሰናይት፦ እኔ ምን አውቄ። አባባ፣ ላብ አጠመቀዎት እኮ! መስኮቱን ልክፈተው?

አቶ ድንበሩ፦ ተዪው። ሰው ይሰማል።

ሰናይት፦ ምኑን ነው የሚሰማው?

አቶ ድንበሩ፦ መኪናዋን የተረከብን ዕለት እናንተ የት ነበራችሁ?

ሰናይት፦ እዚሁ ግቢ። ሪባን እያሰርንባት፣ ፎቶ እየተነሣን። እማማ እልል ትላለች፤ የባሌ ቤተ ሰቦች ያጨበጭባሉ።

አቶ ድንበሩ፦ አባወራው እሱ ነው፣ ቁልፉን እሱ ይቀበል ብላችሁ እኔን ወደ ውስጥ ላካችሁኝ።

ሰናይት፦ ልናከብርዎት ነዋ።

አቶ ድንበሩ፦ አከበራችሁኝ። የባልሽም አባት አብሮኝ ገባ።

ሰናይት፦ ኮሎኔሉ? እሳቸው አብረውዎት ነበሩ?

አቶ ድንበሩ፦ ከጎኔ ነበር የተቀመጠው። ሴትዮዋ አራት ገጽ ወረቀት አመጣች። "ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ነው፤ ላንብብልዎት?" አለችኝ።

ሰናይት፦ እሺ፣ ከዚያስ?

አቶ ድንበሩ፦ ኮሎኔሉ ዞሮ አየኝ።

ሰናይት፦ አባባ፣ እርስዎ ምን አሉ?

አቶ ድንበሩ፦ "ምን በወጣሽ፣ ራሴ አነበዋለሁ" አልኩ።

ሰናይት፦ እንግሊዝኛ?

አቶ ድንበሩ፦ መነጽሬን አወጣሁ። አንደኛው ገጽ ላይ ቆየሁ። ሁለተኛውን ፈጠን አደረግሁት። ሦስተኛው ላይ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰናይት፦ ምን አግኝተው ነው የነቀነቁት?

አቶ ድንበሩ፦ የሚያነብ ሰው አልፎ አልፎ ይነቀንቃል።

ሰናይት፦ ከዚያ አራተኛው ላይ...

አቶ ድንበሩ፦ ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ኮሎኔሉ "ጎበዝ! ሳያነብ የሚፈርመው ሰው ብዛቱ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ምን ይደረግ፣ ሰው አይማርም አልኩት።

ሰናይት፦ ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ሴትዮዋን ሌባ ብያታለሁ። ፊት ለፊት። "የአባቴን እጅ ሰረቅሽ" ብያታለሁ!

አቶ ድንበሩ፦ ምን አለችሽ?

ሰናይት፦ ተዉት ይቅር።

አቶ ድንበሩ፦ ንገሪኝ።

ሰናይት፦ "እሳቸውን አምጫቸው፤ እሳቸው አይዋሹም" አለችኝ። እኔ ሳቅሁባት።

አቶ ድንበሩ፦ ይህን እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?

ሰናይት፦ ማን ነው ደባቂው? አሥር ቀን ሙሉ ስጽፍ፣ ስመላለስ፣ ስሳደብ ዝም ብለው ያዩኛል! ያኔ ምሳ ላይ "ፈርሜያለሁ" ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

አቶ ድንበሩ፦ ልጅ ሆነሽ የትምህርት ቤት ካርድሽን ታመጪ ነበር። አስተማሪሽ ከታች በእንግሊዝኛ ይጽፍበታል። እኔ ምን አደርግ ነበር?

ሰናይት፦ መነጽርዎን አድርገው ያነቡታል። ከዚያ "በርቺ" ይሉኛል።

አቶ ድንበሩ፦ አንድ ጊዜ "ረባሽ ናት፤ ወላጅ ቀርቦ ያነጋግረኝ" ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ነው የነገረኝ። በርቺ ብዬሻለሁ።

ሰናይት፦ አስታውሳለሁ። ሳምንት ሙሉ ዱላ ስጠብቅ ነበር። አባቴ ሆደ ሰፊ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

አቶ ድንበሩ፦ እንግዲህ ሆደ ሰፊነቴ ይኸው ነው።

ሰናይት፦ እሺ። ይስሙኝ አባባ። ይህን ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

አቶ ድንበሩ፦ ሴትዮዋ ታውቃለች።

ሰናይት፦ እሷን ማን ያምናታል?

አቶ ድንበሩ፦ አሁን የተናገርሽውን ሰምተሽዋል?

ሰናይት፦ ሰምቼዋለሁ። ያሳፍራል። ግን እውነቱ ከወጣ ጣሪያው አይሠራም፤ "ፈርመው ተረክበዋል፣ በቃ" ይሉናል። ኮሎኔሉ ይሰማሉ። እድርተኛው ይሰማል። ባለ ዣንጥላ ሲሉን የነበሩት ምን ሊሉን ነው? እንመለስ። አባቴን አሞታል እላቸዋለሁ፤ ማመልከቻውንም አነሣለሁ።

አቶ ድንበሩ፦ ሴትዮዋስ?

ሰናይት፦ እኛ ከተውነው ይመልሷት ይሆናል።

አቶ ድንበሩ፦ እንደ ጣሪያው? ባለሙያው ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ነገ ነይ እያሉ?

ሰናይት፦ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው! ሰው እርስዎን ሲያይ ተነሥቶ የሚያስቀምጠው ለዚያ ስምዎ ነው።

አቶ ድንበሩ፦ እሷም ተነሥታ አስቀምጣኝ ነበር።

ሰናይት፦ ውሃው ግን አልተረጨም! እሱስ? ሳይረጩ ተረጭቷል ብለው የጻፉት እነሱ ናቸው።

አቶ ድንበሩ፦ እሱንም እነግራቸዋለሁ። እናንተ አልረጫችሁም፤ እኔም አላነበብኩም እላለሁ። ጣሪያውን ቢሠሩት ሠሩት፤ ባይሠሩት እናትሽ ዣንጥላዋን ትያዝ።

ሰናይት፦ አዳራሹ በሰው ተሞልቷል አባባ፤ ቅዳሜ ነው። ቢያንስ ቢሮው እንግባና በሩን ዘግተን እንንገረው።

አቶ ድንበሩ፦ ሴትዮዋን ሌባ ስትያት በር ዘግተሽ ነበር?

ሰናይት፦ አልዘጋሁም። ባንኮኒው ፊት ነበር፣ ሰው ሁሉ ቆሞ።

አቶ ድንበሩ፦ እንግዲያው ባንኮኒው ፊት ነው የምንቆመው። ወረቀቱን ያምጡት፤ አንቺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በአማርኛ አንብቢልኝ። ሰውዬው ማንበብ አይችሉም ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ፣ አይችልም በዪው።