ቁጥር አርባ አንድ

ነይ ሰአዳ፣ ግቢ። ዛሬ መብራት ሳይጠፋ ዋለ አይደል? ምን ነካቸው በይ? ያንን ጆግ ወዲያ አርጊውና ተቀመጪ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሰው ብቻ እንዳትረብሺው... የተማረ ሰው ነው፣ ለኛ ለፕላስቲክ ነጋዴዎች ወሬ ጊዜ የለውም። እህ፣ እህ... ይቅርታ፣ አቧራው ነው።

ምን ልነግርሽ ነበር? አዎ... አንዲት ሴት አለች፣ እዚሁ ሰባተኛ ሰፈር። እንደኔው ጆግና ሳፋ ነው የምትሸጠው። ጅልነቷም የኔኑ ይመስላል፣ ወላሂ! ልጇ ዶክተር ሲባልላት ጨርቋን ጥላ ልታብድ ምንም አልቀራት። ጎረቤቷን ሀምዳንን ጥርሱን ቢያመው "ልጄ ጋ ሂድ" ብላ ላከችው አሉ። ልጁ ሳቀና "እማ፣ የኔ ባዮቴክኖሎጂ ነው፣ የዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም" አላት። ከዶክትሬት በኋላም ሌላ ሥልጠና አለ፣ ምርምር ተቋም ሁለት ዓመት ልገባ ነው ሲላት ደግሞ... ወድቆ የሚደግም መስሏት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም! እኔ ብሆን? እኔም ያው ነበርኩ።

ጎበዝ ነው ግን፣ ማሻአላህ! የሳንባ ነቀርሳን ቶሎ የሚለይ ምርመራ ነው የሚሠራው። በዓይን የማትታየዋን ተሕዋሲ ያያል አሉ። እንዲህ ደቃቃውን የሚያይ ሰው፣ እንደኔ የወፈረች እናቱ ሁለት ወር ስትስል ባያያት ይፈረድበታል? ለኢድም አልመጣም... ሥራ ነዋ!

አንድ ቀን ግን መጣ። ደስ ብሏት ሳምቡሳ ልታስመጣለት ስትነሳ፣ ከቦርሳው ትንሽ ባለክዳን ዕቃ አወጣ። "እማ፣ እዚህ ውስጥ አክታ ትፊልኝ፣ ለጥናቱ ሰው ጎድሎኛል።" ይታይሽ፣ ሱቋ ሙሉ ባለክዳን ዕቃ ለሆነ ሴት! ፎርም አስፈረማት፤ ስም ምስጢር ነው ብሎ ቁጥር ሰጣት። አርባ አንድ። ሞኟ ደግሞ "ልጄ ቁጥር ሰጠኝ" እያለች ተራውን ስትዞር ሰነበተች። ውጤቴስ ብትለው፣ "ይሄ ለምርምር ነው፣ ለሕክምና ጤና ጣቢያ ሂጂ" አላት። ሥርዓት ያውቃል እኮ!

ጤና ጣቢያ ማን እንዳደረሳት አንቺው ታውቂያለሽ። ክንዷን ይዘሽ ሦስት ሰዓት የተሰለፍሽው አንቺ ነሽ። የሳንባ ነቀርሳውን ክኒን ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ፤ ስድስት ወር ትውጣለች። ልጇ? አልሰማም። ቁጥሯን እንጂ እሷን መች ጠየቀ? ከፋት ሰአዳ፣ ወላሂ ከፋት።

ዛሬ ሁለተኛውን ዕቃ ይዞላት መጥቷል አሉ... ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነው። ትተፋለታለች እንጂ፣ እናት አይደለች? ብቻ "እንዴት ሰነበትሽ" የሚላት አጥታ ጉሮሮዋ ደርቋል።

ግዴለም፣ እንመርቀው። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ፕሮፌሰር ያድርገው። ልጅም ይስጠው፣ እንደሱ የተማረ፣ እንደሱ ትጉህ... አርጅቶ ሲስል ከቦርሳው ዕቃ አውጥቶ ጥሩ ቁጥር የሚሰጠው። አሚን በይ ሰአዳ። እርስዎም ሳጥኑ ላይ ያሉት እንግዳችን... የማያውቁት ሰው ቢሆንም፣ አሚን ይበሉ።