ከወይራው ምንጭ አንድ ጉንጭ

(ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ አባ ይማም ባዶ ቅል ይዘው ከውሃ ማሸጊያው ድርጅት በር ቆመዋል፤ የምንጩን ቁልፍ የያዘው ኑርዬ፣ ታማ የተኛችው ባለቤታቸው ሰዓዳ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው።)

አባ ይማም፦ አንድ ቅል ነው እኮ ያልኩህ! በርሜል አላልኩ፣ ቦቴ አላልኩ።

ኑርዬ፦ ነገርኩዎት እኮ አባ ይማም። ምንጩ ጋ ሰው አይገባም። የድርጅቱ ደንብ ነው።

አባ ይማም፦ ቁልፉ በማን ወገብ ነው የተንጠለጠለው? በደንቡ?

ኑርዬ፦ ይልቅ ይህን የታሸገውን ይውሰዱላት። ሙሉ ደርዘን ነው፣ ከእኔ።

አባ ይማም፦ የትናንቱንም አልጠጣች። ከንፈሯ ላይ ጠብ ባደርግላት እንትፍ አለችው። «ይሄ የእኔ ውሃ አይደለም» አለችኝ።

ኑርዬ፦ ትኩሳቱ ነዋ። የታመመ ሰው ማርም ይመረዋል።

አባ ይማም፦ እኔም ትኩሳት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗን ገልጣ፣ «ይማም፣ ከወይራው ምንጭ አንድ ጉንጭ ካጠጣኸኝ አፉ ብዬሃለሁ» አለችኝ።

ኑርዬ፦ ምኑን ነው ይቅር የምትልዎት?

አባ ይማም፦ ምርቃቴን ነዋ! ባለሀብቱ ምንጩን ሊያሽግ የመጣ ለት እጄን ዘርግቼ «ግባ፣ ይቅናህ» ስለው አገሩ ሁሉ አሚን አለ። እሷ ብቻ ዝም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ዱዓ ሳደርግ አሚን ብላኝ አታውቅም።

ኑርዬ፦ ታዲያ ክፉ መረቁ? ቧንቧው ደጃችን ገባ። የልጆቹ ተቅማጥ ጠፋ። እኔስ የት እሠራ ነበር?

አባ ይማም፦ አልካድኩም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ሲያስቀን አብረን ስቀናል። አሁን ግን እዚሁ ምንጭ ዳር የተወለደች ሴት ባዳ ውሃ እየተጋተች ልትሞትብኝ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ክፈት!

ኑርዬ፦ አልችልም።

አባ ይማም፦ ረመዳን በገባ ቁጥር ጎንበስ ብላ ያን ምንጭ ስትጠርግ አንተ ጀርባዋ ላይ ነበርክ። እሷን ነው አልችልም የምትላት?

ኑርዬ፦ በአላህ፣ ይሂዱልኝ።

አባ ይማም፦ አልሄድም! እዚሁ እሰግዳለሁ፣ እዚሁ አድራለሁ። ጌቶችህ ይምጡና ሽማግሌ ሲገፈትሩ አገር ይይ!

ኑርዬ፦ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።

አባ ይማም፦ ይስማ!

ኑርዬ፦ ምንጩ የለም።

አባ ይማም፦ ምን አልክ?

ኑርዬ፦ ደርቋል። ጥልቁን ጉድጓድ ከቆፈሩ ወዲህ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ባለፈው በጋ ጠፋ። የምናሽገው የጉድጓዱን ነው። ቁልፉን የሰጡኝም ሰው እንዳያየው ነው።

አባ ይማም፦ ባዶ ድንጋይ ነው የምትጠብቀው?

ኑርዬ፦ ወላሂ፣ ባዶ ድንጋይ።

አባ ይማም፦ ያ ረቢ... እኛ እኮ በአጥሩ ስር ስናልፍ ሲንፎለፎል የምንሰማው ይመስለን ነበር።

ኑርዬ፦ የሞተሩ ድምፅ ነው።

አባ ይማም፦ ወይኔ ሰዓዳ! ወይኔ!

ኑርዬ፦ አያልቅሱ። ቅሉን ያምጡ፣ ከቧንቧው ልሙላልዎት። ከምንጩ ነው ይበሏት፤ ቅሉን ካየች ታምናለች።

አባ ይማም፦ ሞኝ! ምላሷን ማን ያታልለዋል? በውሸት ውሃ አፉ ብባልስ ምን ሊረባኝ?

ኑርዬ፦ እንግዲያው እኔው ልምጣ። እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን ልንገራት።

አባ ይማም፦ እንዳትሞክራት!

ኑርዬ፦ ታዲያ ባዶ ቅል ይዘው ገብተው ምን ሊሏት ነው?

አባ ይማም፦ ምንጩ እንደ ድሮው ይፈልቃል፣ ኑርዬ ግን ከለከለኝ እላታለሁ። የልጅ ክፋት ትችላለች፤ የምንጯን ሞት ግን አትችለውም።