ባለቤቴ ጠላቷን ያደለበች ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ስል የጥንቱን እንዳይመስላችሁ፣ ባጃጅ እዚህ ደጃችን ድረስ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ነው፣ ሽማግሌ ግን የትናንቱንም በእኛ ጊዜ ይላል፣ ታዲያ በእኛ ጊዜ ጠብም ወግ ነበረው። ዝም ብሎ ተጣልቶ ዝም ብሎ መኖር የለም። ማኅበርተኛ ከሆንክ ሚካኤልን ከአንድ ጽዋ ትጠጣለህ፣ ከአንድ ጽዋ የምትጠጣ ከሆነ ደግሞ ቂም ይዘህ አትጠጣም፣ በቃ ይሄ ነው ሕጉ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ተረኛው ይደግሳል፣ ጠብ ያለበት ቤት ግን አይገባም፣ አልፎት ይሄዳል። ጽዋ ያለፈው ቤት ማለት፣ ምን ልበላችሁ፣ ቄስ የቀረበት ለቅሶ በሉት።

እና ይህችን ማንጠግቦሽን ታዩዋታላችሁ አይደል፣ ባለቤቴን፣ እዚያ ጥግ ጥጥ እየፈተለች ያልሰማች የምትመስለውን፣ ትሰማለች፣ እንዳታምኗት። የማጫውታችሁ የእሷን ነው።

ጎረቤታችን አያሌው ከሰል ያከስላል። በእኛ አገር ከሰል የማያከስል ማን አለ፣ ዛፉን ተክሎ ቆርጦ እንጨቱን ይቆልልና ሣርና አፈር አልብሶ ውስጥ ውስጡን ያነደዋል፣ ሲደርስ ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ ይወስደዋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ግን አጠገቡ መቀመጥ ይፈልጋል፣ አፈሩ ከተሰነጠቀ እሳቱ ብቅ ይላል፣ ቶሎ ብለህ መድፈን ነው። ታዲያ አንድ የታኅሣሥ ቀን፣ ነፋስ በሚነፍስበት፣ በእሱ ከሰልና በእኛ አውድማ መካከል ያለው ደረቅ ሣር ተያያዘና የጤፍ ክምራችን ነደደ። ያልተወቃ ጤፍ፣ የዓመት እንጀራችን። እኔ እርጥብ ቅጠል ይዤ ስደርስ አመድ ሆኖ ጠበቀኝ።

እሱስ ይሁን። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አያሌው ተጠየቀ፣ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እንዲህ፣ ድምፁን እንደ ዲያቆን አለስልሶ፣

«እሳቱ የእኔ አይደለም። እትዬ ማንጠግቦሽ አመድ ስትደፋ ፍሙን ሳታጠፋ ደፍታው ነው» አለ።

እናንተ የከተማ ልጆች ናችሁ፣ ይሄ ምን እንደሆነ አይገባችሁም። ፍም ያለበት አመድ ደፋች ማለት፣ ሴትዮዋ ቤት መያዝ አታውቅም ማለት ነው፣ አገር ታነዳለች ማለት ነው። ያየ ሰው የለም፣ ምስክር የለም፣ ሽማግሌዎቹ እሷን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እግዜር ይወቀው ብለው ተበተኑ። ከዚያ ወዲያ ሴቱ ሁሉ ወንዝ ሲወርድ አመዳችንን እያየ ነው የሚያልፈው። ማንጠግቦሽ ለክምሩ አላለቀሰችም፣ ለአመዱ አለቀሰች። «ጤፉንስ ሌላ ዓመት እዘራዋለሁ፣ ስሜን የትኛው ማሳ ላይ ልዝራው?» አለችኝ፣ እውነቷን ነዋ።

ከዚያ ቤት ጋር እሳት መጫጫር ቀረ፣ ሰላምታ ቀረ፣ የእሱ ዶሮ አጥራችንን ከዘለለች የምትሰማው ስድብ ለባለቤቷ ነበር። ደግሞ ማንጠግቦሽ ስትናደድ ወደ አገውኛዋ ትመለሳለች፣ እኔ ከዳንግላ መጥቼ የገባሁ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፣ ግማሹም ይበቃል።

ጥር ሲገባ የንስሐ አባታችን መጡ። የሚቀጥለው ጽዋ ተራው የእናንተ ነው፣ ታረቂ አሏት። እሱ ይመንና እታረቃለሁ አለች። ወደ እሱ ሄዱ፣ ያላደረግሁትን አላምንም አላቸው። ተመለሱ፣ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ያችን አቀበት ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው አለቀ። ታዲያ እሁድ ቅዳሴ አልቆ ስብከት ላይ፣ እሷን እሷን እያዩ፣ ጠላታችሁን ከማሳደድ ይልቅ ሲርበው አብሉት፣ ሲጠማው አጠጡት፣ ያን ጊዜ በራሱ ላይ ፍም የከመራችሁ ያህል ነው ብለው አስተማሩ።

ስንመለስ ማንጠግቦሽ መንገዱን እየበረረች ነው። ከፊቴ ቀደመች፣ ቆመች፣ ዞረች፣ ያ ስንት ሳምንት የጠቆረ ፊት በርቷል።

«ሰማህ አይደል? ፍም አሉ። እሱ ጤፌን ካነደደ እኔም ራሱን አነደዋለሁ፣ በክርስቲያን ደንብ» አለች።

እኔ አባ ያሉት እንዲህ አይመስለኝም ልል ነበር፣ ግን ፊቷ ሲፈታ ሳይ አሳዘነችኝና ተውኩት።

የአያሌው ሚስት ያን ጊዜ የወለደች ልጇን ልታርስ ጫግኒ ወርዳለች፣ እሱ ብቻውን ከሰሉ ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ማንጠግቦሽ ያን ቀን ዶሮ አረደች። ለእኔ ለባሏ ከገና ወዲህ ያላረደችውን ለጠላቷ አረደች፣ ልብ በሉልኝ። በትንሽ መሶብ አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ውሰድለት አለችኝ። ወሰድኩ። አያሌው መሶቡን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ፣ መሶቡን አየ፣ እኔን አየ፣ መርዝ እንዳሰበ ገባኝ። «አያ ፈንታ፣ እስቲ አንተ ቅመሰው» አለኝ። ቀመስኩ። «ከወዲያኛውም በኩል» አለኝ። ከወዲያኛውም ቀመስኩ። እግሩን ቀመስኩ፣ ፈረሰኛውን ቀመስኩ፣ አለመሞቴን ሲያይ ነው እጁን የታጠበ።

ቤት ስመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እህ፣ አላበው? ግንባሩን አላላበውም?» ትለኛለች። «አዎ አልቦታል» አልኩ። «አየህ!» አለች። «በርበሬው ይሆናል እንጂ» ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። በማግሥቱም ላከችኝ፣ በማግሥቱም። አንድ ቀን ክክ ወጥ፣ አንድ ቀን ድንች በሥጋ፣ አንድ ቀን ትኩስ የስንዴ ዳቦ በማር፣ እና እኔ በየቀኑ እየቀመስኩ፣ ኋላማ ሳያዘኝም እየቀመስኩ፣ ሁለታችንም ጉንጭ አወጣን። ማታ ማታ ግን ጥያቄው ያው ነው። ራሱን አላመመውም? አላከከውም? ሻሽ አላሰረም? እኔም ምን ልበላት፣ ሰውየው እየወዛ ነው።

በመጨረሻ አላመነችኝም። እኔው ሄጄ አየዋለሁ ብላ መሶቡን ተሸክማ ወጣች፣ እኔም ተከተልኩ። አያሌው ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ ዓይኑ በጢስ ቀልቶ፣ ከሰሉን አፈር ሲያለብስ ደረስን። እሷን ሲያይ አካፋው ከእጁ ወደቀ። አስቀመጠችለት። ተቀመጠና፣ አሁን ልብ በሉ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነው የሚበላው። ይጎርሳል፣ ይቆማል፣ ይጎርሳል፣ ይቆማል፣ እንጀራው አንገቱ ላይ እየተያዘ አይወርድለትም። ቀና ብሎ ዓይኗን ማየት አልቻለም። እሷ ቆማ ብዙ አየችው። ፍሙን ልታይ አልነበር የመጣች፣ አየችው መሰለኝ።

«ቀስ ብለህ ብላ፣ ያንቅሃል» አለችውና ውኃ ቀዳችለት።

ቤት ስንገባ እኔ ነገር ፈልጌ «ታዲያ አላበው?» ብላት፣ «ተወኝ እስቲ፣ ጎመኑ ጨው አንሶታል፣ ነገ አስተካክለዋለሁ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ላብ የሚጠይቀኝ የለም። «ጠገበ?» ነው የምትለኝ፣ «በደንብ ጠገበ?»

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ያለፈው ተረኛ ቤት ተሰብስበናል፣ የንስሐ አባታችንም አሉ፣ ቤቱ ጢም ብሏል፣ ጽዋው መካከል ላይ ተቀምጧል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ ነው የምንለው፣ ተነሣና እንደ ደንቡ ቂም ያለበት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። እኔ ጽዋው አለፈን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ታዲያ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«በእኔ ቤት ቂም የለም። እሳቱ ከየትም ይምጣ፣ አያሌውን ይቅር ብየዋለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም ማንንም አይጠይቅልኝ» አለችና ተቀመጠች።

ይሄን በቀላሉ እንዳታዩት። እሱ አላመነም እኮ። እሷ ክሱን ስትተወው እሳቱ ከማን ቤት ወጣ ሊባል ነው? ከአጠገቤ ያሉት ሴቶች ወዲያው ጆሮ ለጆሮ ገጠሙ፣ «አላልኩሽም፣ አመዷ ነበር» ስትል አንዷን ሰማኋት። ማንጠግቦሽም ሰማች። እኔ እዚያች ሴት ላይ ልነሣ ስል እጄን ያዘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዝኜላት አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ኮርቼባት አላውቅም።

ሙሴው ጽዋውን አንሥቶ ሊሰጣት ሲል አያሌው ከበሩ በኩል ተነሣ።

«አትስጣት፣ ቆይ» አለ። «እኔ ሳልናገር አትስጣት። አመዷ አይደለም። ከሰሉን ጥዬ ገበያ ሄጄ ነው፣ ስመለስ አፈሩ ተሰንጥቆ ነበር። ፈርቼ ዋሸሁ።»

ያች ያንሾካሾከች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጣሪያ ታያለች። አያሌው መሬት ወድቆ የማንጠግቦሽን እግር ሊስም ሲል እሷ ቀድማ ብብቱን ይዛ ልታነሣው ሞከረች፣ ግን አልተነሣላትም፣ ከብዷታል፣ «ተነሥ እንጂ፣ ኧረ ይሄን ሰው አንሡልኝ፣ እኔው ነኝ እንዲህ ያከበድኩት» ስትል አባም ሳቁ፣ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ። ጽዋውን በእልልታ ይዘን ወደ ቤታችን ስንወርድ አያሌው የጠላውን እንስራ ተሸክሞ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ሚስቱ ከጫግኒ ስትመለስማ ሌላ ጉድ ሆነ። ባሏን ዞራ አየችው፣ ዳግም ዞራ አየችው፣ እኔ በሌለሁበት ማን ናት እንዲህ ያወዛችህ ብላ አኮረፈች፣ ማንጠግቦሽ ሄዳ አስታረቀቻቸው።

እንግዲህ እኔ የምለው፣ ልጆቼ፣ በዳይህ መጥቶ እግርህ ላይ ከወደቀ ይቅር ማለት ማንንም አያቅትም። ሳይመጣ ነው ጭንቁ።

(ከእኛ ከአድማጮቹ አንዱ ወደ ጥጉ ዞሮ፣ «እማማ፣ አያሌው ዝም ብሎ ቢቀርስ ኖሮ? ስምዎ ጠፍቶ ሊቀር አልነበረም?» ብሎ ጠየቃቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ መለሱለት።)

«ቢቀርማ ይቀር ነበራ። ስሜን ለሚካኤል ሰጥቼ ነው የተነሣሁ። አያሌው ነው መልሶ ያመጣብኝ።»