ነጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባና

ሞላሌ በተዳርኩ ሰሞን የፈተልኩት የበግ ጠጉር አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን ሆኖ፣ የተሸመነው ባና ጎርባጣ ብርድ ልብስ ሆነ። አማቴ አፍረውበት ገበያ ላይ ላገኙት ፈረንጅ ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ጠጉር ከማጠብ በቀር እንዝርት አስነክተውኝ አያውቁም።

አንድ ቀን ልጄን እያጠባሁ በባለቤቴ ስልክ ፌስቡክ ላይ የሰው አገር ፎቶ አያለሁ። ከማንኪያ ፈረስ የሠራ ሰው አለ፤ ቤቱን በአዝራር ያለበሰ አለ። በሕልም እንደሚሄድ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ሳልፍ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ለብቻው የተሰቀለ ጥቁር ባና መጣ። ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው ያዩታል። ጥቁሩ ጠጉር አልቆብን ጫፉን በቡኒ የጨረስነው፣ የኔው ነው! ልጄ ጡቴን ትታ እንቅልፍ እንደወሰዳት እንኳ አላወቅሁም።

ለአማቴ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው፣ «ምነው፣ ግድግዳውን በረደው እንዴ?» አሉ።

«ሊያዩት ነው የሰቀሉት፣ እማማ።»

«ምኑን?»

«ጉርብጥብጡን መሰለኝ።»

ባና እንደሚገዛ ሰው በሁለት ጣታቸው ሊዳስሱት ቢሞክሩ ሥዕሉ ተለጠጠና ክሩ ስልኩን ሞላው። ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲወርድ ጉም የያዘው ጋራ ይመስላል።

«እኔ እኮ እንዲህ አድርጌ አላየሁትም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ተነሥተው እንዝርታቸውን አመጡና ጭኔ ላይ አኖሩት።

«በይ ፍተይ። ደግሞ ላስተካክል ብለሽ እንዳታበላሺው።»