የመጀመሪያው ጥቅል በመጨረሻ

እዚያ ኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። አለቃችን አቶ ወልደሥላሴ «ተክሉ፣ አደራህን፣ ንግግርህን አጭር አድርገው» ብለውኛል። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከነገሌ የሚወጣ አጭር መንገድ ካለ ያሳዩኝና ንግግሬንም በዚያው እነዳዋለሁ።

እንግዲህ የፊልም ባለሙያችን ጋሼ ሸዋንግዛው ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ዕቃቸውን ጭኜ እስከ ሀገረ ማርያም የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ይፋት ይቀጥላሉ። እንዲህ ተብሏል። እኔ ግን ገና አላመንኩም፤ ለምን እንዳላመንኩ ቀስ እያልኩ እነግራችኋለሁ።

የመጡበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ? ከጭነት መኪና ላይ ወረዱ፤ ከጫማ እስከ ቅንድብ ቀይ አፈር ናቸው። እሳቸው በሸሚዝ ብቻ፣ በጋቢያቸው ደግሞ አንድ ነገር ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ታቅፈዋል። «ቀስ! ቀስ! እንዳትነኩት!» ይላሉ። አቶ ወልደሥላሴ ደንግጠው «አልጋ አንጥፉ! ውሃ አምጡ!» አሉ። አስተርጓሚያችን ጂሎ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ «አካም ጋሼ፣ ናጋ? ልጁ ምን ነካው?» ቢላቸው «ልጅ አይደለም፣ የፊልም መሣሪያ ነው» ብለውት እርፍ። የተነጠፈው አልጋ ላይ መሣሪያው ተኛ፤ ጋሼ ወንበር ላይ አደሩ። አይሳቁ ጋሼ፣ ጂሎ ምስክሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያልዞርንበት ቆላ የለም። ሁለት ግራር መሀል ነጭ ሸራ እንወጥራለን፣ ሞተሩን እናስነሳለን፣ ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውሃ እናሳያለን። ጋሼ በአማርኛ ይተርካሉ፣ ጂሎ በኦሮምኛ ያስከትላል። ፊልቱ ከተማ ላይ ሰው በዝቶ ግማሹ ከሸራው ኋላ ተቀመጠና ሲያበቃ ጠብ ሊነሳ ሆነ። ፊት የነበሩት «ሐኪሙ መርፌውን የወጋው በቀኝ እጁ ነው» ሲሉ፣ ኋላ የነበሩት «በዓይናችን አይተን! በግራው ነው» አሉ። ጋሼ ሽማግሌ ሆነው ገቡና «ይህ ሐኪም በሁለቱም ይችላል» ብለው አስታረቁ። እስከ ዛሬ ፊልቱ ውስጥ ያ ሐኪም እንደ ጉድ ይወራለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ከወባው ፊልም ጋር በአንድ ሣጥን ያልጠየቅነው ፊልም መጣ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ቋንቋውን የሚሰማም የለም። የድሃ ሰው ፊልም ለመሆኑ ግን ያስታውቃል። ሰርገኛውም ቀብረኛውም ያው አራት አምስት ሰው ነው፤ አንድ ውሻ ደግሞ በየቦታው ብቅ ይላል። ታሪኩ ስለ አንዲት ቁመተ ረዥም የአውቶቡስ ነጂና ትከሻዋ ጋ ስለማይደርስ ሰዓት ሠሪ ነው። በዕድሜም ትበልጠዋለች። ሲያናግራት በርጩማ ይዞ ይዞራል፤ እላዩ ላይ ወጥቶ «እንደምን ዋልሽ» ይላታል። ሰፈሩ በሙሉ ይሥቅባቸዋል።

ፊልሙ ሁለት ጥቅል ነው። ታዲያ የእኛ ባለሙያ፣ መሣሪያ አልጋ ላይ የሚያስተኛው ጠንቃቃ ሰው፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለተኛውን ጥቅል አስቀድሞ ገጠመው! ሰዎቹ ተጋብተው፣ አልጋው ለእሷ አጥሮ እግሯ ወጥቶ፣ በብርድ ልብስ ሲጓተቱ ጀመርን። ከዚያ የመጀመሪያው ጥቅል መጣ፤ ገና ሲተያዩ፣ ገና ስም ሲጠያየቁ። ጋሼ ላብ አጠመቃቸው። ሲያበቃ ይቅርታ ሊጠይቁ ቢነሱ አንድ የቦረና ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና «ዱጋ!» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ያጋቡሃል፤ ከዚያ ትጣላለህ፤ መተዋወቅ በመጨረሻ ነው የሚመጣው። ይህን የሠራ ሰው አገራችንን ያውቃል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ያን ፊልም አቃንተው አሳይተውት አያውቁም። በየከተማው ወባው ሲያልቅ ሰው «ረዥሟን! ረዥሟን!» ብሎ ይጮሃል።

ሁለቱ ፊታቸውን ሲያጠጋጉ ደግሞ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው መብራቱ ላይ ድፍን! «ጋሼ ባርኔጣውን!» ብንል፣ ብንለምን፣ «ቤተሰብ አለ» ይላሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ሳማት አልሳማት ነገሌ አታውቅም።

የምወደውን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ ምንም ያልሆነ ሰዓት ይዛ በየቀኑ «ቆሟል» እያለች ትመጣለች። ሰውየው ጆሮው ላይ ያደርገዋል፤ ይሠራል። አንድ ቀን ቀና ብሎ አንድ ነገር ይላታል። ምን እንዳላት እግዜር ይወቀው! ጋሼ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰዓትሽ ድኗል፤ አንቺ ግን ነገም ነይ» ብለው ተረጎሙት። ያ ቃል ከፊልሙ አይደለም ጋሼ፣ ከሆድዎ ነው።

ለማን እንደተባለም እኔ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ሸራችን መቀደድ የጀመረው ያኔ ነው። ከፊልቱ ስንመለስ ነፋስ ቀደደው። ከሞያሌ ስንመለስ ነፋስ ቀደደው። ቅጠል እንኳ በማይነቃነቅበት ቀን ቀደደው። «ጋሼ፣ ነፋስ እንዲህ እንደ መቀስ ቀጥ አድርጎ ይቀዳል?» ብላቸው «የላይኛው ነፋስ ነው፤ አንተ መሪ ይዘህ አይሰማህም» አሉኝ። ሸራውን የሚሰፉልን ደግሞ የነፍስ ኄር ሻምበል ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ብዙወርቅ ናቸው፤ ልብስ ሰፊያችን፣ ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል። ስንት ዓመት በሙሉ ንግግራቸው ይህችው ናት፦

«ነፋሱ በረታ ወይዘሮ ብዙወርቅ።»

«በርትቷል አቶ ሸዋንግዛው። ቁጭ ይበሉ።»

ከተማው አላማም? አማ እንጂ! «የሻምበል ሚስት የነበረች ከባለ ፊልም ጋር!» «ትከሻዋ ጋ አይደርስ!» «ታላቁ ናት!» ብሏል። ጋሼ ይህን ሰምተው ነው አንገታቸውን ደፍተው ሻንጣ የሚሸክፉት። ይፋት ማን ይጠብቃቸዋል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «መቃብርም ዘመድ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ተናድጄ አመሸሁ።

እንግዲህ ቀልዱን ልተው። ጋሼ፣ እኔ እርስዎን የማመሰግንበት ነገር አለኝ። እኔና እሙሽ ሳንተያይ ነው የተጋባነው። ቤታችን ውስጥ «ውሃ አምጪ»፣ «እራት ቀርቧል» ከማለት በቀር ወሬ አልነበረም። ያንን ፊልም አይተን ስንመለስ እሙሽ መንገድ ላይ ቆመችና «ለካ አንተም አጭር ነህ» ብላ ሣቀች። ከእኔ ጋር ስትሥቅ ያ የመጀመሪያዋ ነው። እስከ ቤት ድረስ እየሣቅን ሄድን። ሞያሌ ላይ ወባ ጥሎኝ ሳለም እርስዎ አልተለዩኝም፤ ፊልሙን በቃልዎ እየተረኩልኝ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ «ስትድን እነግርሃለሁ» ብለው ያቆሙ ነበር። መጨረሻውን በልቤ እያወቅሁት፣ ከእርስዎ አፍ ልሰማው ስል ዳንኩ። ሌላ ጊዜ የማይቀራረቡት ወታደርና ባለ ግመል በአንድ ነገር ሲሥቁ ያየሁት በእርስዎ ሸራ ፊት ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ።

አሁን አንድ መልእክት ቀርቶኛል። ትናንት ሸራውን ልረከብ ወይዘሮ ብዙወርቅ ሱቅ ሄድኩ። አጣጥፈው ሰጡኝና «ለአቶ ሸዋንግዛው አንድ ነገር ንገርልኝ» አሉ። «በሰው ፊት ልንገራቸው?» ብላቸው «ከተማው ያማኝ በሰው ፊት አይደል? በሰው ፊት ንገራቸው» አሉኝ። ያሉትን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ሸራው ድኗል በላቸው፤ እሳቸው ግን ነገም ይምጡ።»

...

ኧረ ለጋሼ ውሃ ስጧቸው! ውሃ አምጡ! ጂሎ፣ እንዳለፈው አልጋ አታንጥፍ፣ ውሃ ብቻ።

ጋሼ፣ ቅዳሜ መኪናዬ አትነሳም። ምን ሆነች ይበሉኝና ልንገርዎ፤ ነፋስ ነው። የላይኛው። ደግሞ «አለቀ፣ ጡረታ ወጣሁ» እንዳይሉኝ። የሥራውን፣ የአፈሩን፣ የመንገዱን ጥቅል አይተን ጨረስን እንጂ ገና ስም የሚጠያየቁበት ጥቅል በሣጥኑ ውስጥ አለ። በእኛ አገር እሱ በመጨረሻ ነው የሚታየው፤ ያስለመዱን እርስዎ ነዎት።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ጠጅ ያልደረሰው ለስላሳውን ያንሳ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን ጋሼ! ሸራዎ አይቀደድ፣ ሞተርዎ አይጥፋ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። ለጋሼ ሸዋንግዛው! ለወይዘሮ ብዙወርቅ!

ምን ይፈልጋሉ ጋሼ? ራስዎን ምን ይዳብሳሉ? ባርኔጣዎ እኔ ዘንድ ነው፤ ዛሬ አልሰጥዎትም።