የእትዬ አየለች መዋጮ

ክቡራትና ክቡራን፣ ለመሸኛዬ አዳራሹን ላስጌጣችሁ፣ ጠላውን ለጠመቃችሁ፣ ይህን በርኖስ ለደረባችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በርኖሱ ግን ይከብዳል። እንዲህ አክብዳችሁ ያለበሳችሁኝ ቶሎ እንዳልሄድ ይሆን?

ዶክተር አንዷለም አጭር ንግግር ያድርጉ ብሎኛል። አለቃዬ ቢሆንም እንደ ልጄ ስለማየው አንቱታውን ዛሬ ትቼዋለሁ። ደግሞስ አጭር ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል? አብረን የጻፍነው ማመልከቻ ሁሉ አጭር ተብሎ ተጀምሮ መጽሐፍ የሚያህል ሆኖ ነው የሚያልቀው።

ብዙዎቻችሁ አዲስ ናችሁና የምርምር ክፍላችን እንዴት እንደቆመ ልንገራችሁ።

እኔ ሸዋረጋ ቁስል አጣቢ ነርስ ነበርኩ። በዚህ በደጋችን በባዶ እግሩ የሚያርስና የሚሄድ ሰው፣ አፈሩ እግሩን እያሳበጠ ዝሆኔ እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ሰዉ ግን በዘር የሚወርድ እርግማን ነው ብሎ ከታማሚው ቤተሰብ ጋር ጋብቻ ይሸሽ ነበር። እኛ እግሩን በየቀኑ የሚታጠብ፣ ቅባት የሚቀባና ጫማ የሚያደርግ ሰው ሲሻለው እናያለን። ለአንዷለም ይህን ነገርኩት። ያኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ትኩስ ሐኪም ነው። ማየት ብቻውን አይበቃም፣ መጠናት አለበት አለኝ። ይጠና። በማን ድጋፍ?

ፍለጋ ጀመርን። አንደኛው ድርጅት ችግራችሁ ገና በደንብ አይታወቅም ብሎ መለሰን። ሌላው በደንብ የታወቀ ስለሆነ ጥናት አያስፈልገውም አለ። አንዱማ ወባን ብታጠኑ ኖሮ እንረዳችሁ ነበር አለን። አንዷለም በዚያ በሐምሌ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «ሲስተር፣ እዚህ ትንኝ ከየት ላምጣ?» አለኝ። ከልቡ ነበር የሚያስበው።

በመጨረሻ አንድ የውጭ ድርጅት በቪዲዮ ላነጋግራችሁ አለን። ኔትወርክ ያለው ከላይ ጉብታው ላይ ነው። እሱ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ እኔ ጃንጥላ ይዤለት ወጣን። መናገር እንደጀመረ የሰፈሩ በግ ሁሉ በመካከላችን ማለፍ ያዘ። ፈረንጁ ግራ ገብቶት እነዚህም የጥናቱ ተሳታፊዎች ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዷለምን ቀድሜ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ገና የስምምነት ቅጹን አልፈረሙም አልኩት። ሰውየው ሳቁን ሳይጨርስ ኔትወርኩ ሄደ።

አለቀልን ብዬ ወረድኩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ገምጋሚ እንልካለን የሚል መልስ መጣ።

ገምጋሚዋ ዶክተር ሲና የምትባል ወጣት ነበረች፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። በሽተኞቹን ወክለው ስብሰባው ላይ የተገኙት ደግሞ እትዬ አየለች ናቸው። ይኸው ዛሬም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ይህን እንዳወራ ፈቅደውልኛል።

እትዬ አየለች እግራቸውን ከእኔ በቀር ለሰው አሳይተው አያውቁም ነበር። ማኅበር ቀርተዋል፣ ገበያ ቀርተዋል። ትልቋ ልጃቸው ስትዳር እንግዳ እንዳያያቸው ጓዳ ተቀምጠው ነው የዋሉት። ያን ዕለትም መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ጥለው ነበር።

ዶክተር ሲና ሁሉን ጠይቃ ስታበቃ የኅብረተሰቡ መዋጮ ምንድን ነው አለች። ይህን አላሰብንበትም። አንዷለም ጉልበት፣ ድንጋይ፣ እንጨት እያለ ሲቆጥር በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። ድልድይ እንሠራለን እንዴ? ልጅቷም የምትጽፈው አጥታ ትጠብቃለች።

ያኔ እትዬ አየለች ጋቢውን አነሱ። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ መዋጮ ካልሽ ይኸው እግሬ» አሉ። «ለነፍስ አባቴ እንኳ አላሳየሁትም። ተማሩበት። ሌላ የማዋጣው የለኝም።»

ዶክተር ሲና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ተነሥታ መጣችና ፊታቸው በርከክ ብላ፣ ልንካዎት ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ሲፈቅዱላት እግሩን በሁለት እጇ ይዛ ያመዎታል ወይ አለቻቸው።

«ዛሬስ አላመመኝም» አሉ እትዬ አየለች።

እኔ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝና ሻይ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሻይ እንዳልነበረን ታውቃላችሁ።

ድጋፉ ተፈቀደ የሚለው ስልክ የተደወለው ኦዲተር በመጣበት ቀን ነው። አንዷለም ስልኩን ጥሎ ያገኘውን ሰው አቅፎ መዝለል ጀመረ፤ ያገኘው ኦዲተሩን ነበር። ሰውየውም ፋይሉን እንደታቀፈ አብሮ ዘለለ። ለምን እንደሚዘል ግን እስኪመሽ አልገባውም።

ጥናቱ ተጠና። እግራቸውን በየቀኑ የታጠቡና በልካቸው ጫማ የተሰፋላቸው ሰዎች እያተኮሰ የሚጥላቸው ሕመም በጣም ቀነሰላቸው። ራቤልና ዓለም ከተማ ያሉ ባልደረቦቻችንም ይህንኑ ሕክምና ጀምረዋል። እትዬ አየለችስ? ትንሿ ልጃቸው ገሊላ ስትዳር እስክስታውን የመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ ልከተላቸው ሞክሬ ወገቤን ይዞኝ ማግስቱን ሥራ ቀረሁ። ያኔ ፈቃድ ስጠይቅ ጉንፋን ነው ብዬ ነበር፤ አንዷለም፣ ዛሬ ስማው።

እንግዲህ ልሂድ። እጃችሁ የነካው ቁስል ይድረቅ። በር ስታንኳኩ ከውስጥ ሰው አይጥፋ። ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ፤ ልጆቻችሁም እኛ ያልደፈርነውን ጥያቄ ይጠይቁ። እኔንም በጤና ያቆየኝ፤ ማመሜ ካልቀረ ግን ከእናንተው እጅ ላይ ይጣለኝ። አሜን በሉኝ።